ብርቱካኗን ማን ነው የሚበላት?

ሸዋ ሮቢት ቤታችን ጓሮ አንዲት ብርቱካን አለች። አባቴ ነው የተከላት። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከሥሯ ሰጋቱራ ተከምሮ አየሁ። ግድ አልሰጠኝም። ከጎረቤት አናጢ ነፋስ ያመጣው መስሎኝ ጠርጌው ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ሰጋቱራ። ቀና ብዬ ግንዱን ሳይ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ከአፉ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል።

ጎረቤታችን ጋሼ መጥተው አዩና ወዲያው ፈረዱ። «ምስጥ ነው ልጄ። ናፍጣ አፍስስበት።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ አፈሰስኩ። በሳምንቱ ልጡ ጠቁሮ ተሰነጠቀ፤ በዚያ በኩል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ሰጋቱራው ግን ገና በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ነበር። በጋሼ አልፈርድም፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ደግሞ እኛ ሰፈር የማውቀው ምስጥ በጭቃ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው እንጂ ሰጋቱራውን ደጅ አይጥልም። ዕድሜ ልኬን አጥራችን ላይ ያየሁትን ነገር ዛፍ ላይ ሲሆን ረሳሁት።

ሁለተኛው ስህተቴ ትንሽ ያሳፍራል። ደብረ ብርሃን ያለ ጓደኛዬ በቴሌግራም የአንድ ወፍራም ነጭ ትል ፎቶ ላከልኝ። «አገኘሁልህ፤ ዝንብ ናት» አለኝ። ዝንብ እንጨት ትበሳለች? ሳቅኩበት። ስፈልግ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ በቁሙ ያለ ዛፍ የሚበሱ ዝንቦች አሉ።

ሁለት ሌሊት ስለ እነሱ ሳነብ አደርኩ። ወደ 20 የሚሆኑ ዝርያዎች አሏቸው። ክንፋቸው ሲዘረጋ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱም አሉ፤ መዳፍ የሚሞላ ዝንብ ማለት ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ልጡ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል በጠንካራ መንጋጋው ወደ ግንዱ ውስጥ አግድም እየፈለፈለ ይገባል፤ እዚያም ሁለት ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል። ምግቡ ራሱ እንጨቱ ሳይሆን መንገዱ ውስጥ የሚብላላው የዛፉ ፈሳሽ ነው ይባላል። ቤቱ ውስጥ ጠጅ ጥሎ የሚኖር ትል በሉት። ብዙ ሆነው ሲያኝኩ ድምፃቸው ከግንዱ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው እንኳ ይሰማል። ደግሞ እኛ ሸውሸዌ የምንለውን ዛፍ ሳይቀር ያጠቃሉ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ በራችን ላይ ሸውሸዌ አለና።

እና ማታ ማታ ጆሮዬን ብርቱካኗ ላይ ለጥፌ ማዳመጥ ጀመርኩ። እናቴ «ምን ልትነግርህ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ማንበብ የነበረብኝን መስመር ያነበብኩት መጨረሻ ላይ ነው። እነዚህ ዝንቦች የሚኖሩት ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ባለው ሞቃት አገር ነው። ጣርማ በርን ወርደው ሮቢት የሚደርሱበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ማን ነው? ናፍጣ ካፈሰስኩበት በኩል የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት። መቁረጫው ላይ የትል መንገድ ስላየሁ አልጣልኩትም። አንድ አሮጌ ጀሪካን አንገቱን ቆርጬ ቅርንጫፉን ከተትኩና አፉን በተቀደደ አጎበር አሰርኩት። ሮቢት አጎበር የማይገኝበት ቤት የለም። ሦስት ወር ያህል ምንም የለም። እናቴ ጀሪካኑን ልትጥልብኝ ስትል አንድ ጠዋት አጎበሩ ላይ ግራጫ ጢንዚዛ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። አንቴናው ከራሱ ገላ ይረዝማል። ቅርንጫፉ ላይ ራሱ አኝኮ የወጣበት አዲስ ክብ ቀዳዳ አለ። ዝንብ ብትሆን ይህን አትችልም፤ ያደገች ዝንብ የምታኝክበት መንጋጋ የላትም። መውጫዋን አስቀድሞ ከፍቶ የሚጠብቃት ትሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነበር፤ አሰልቺ ቢሆንም። ቀጭን ሽቦ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጠፍኩና በየቀዳዳው ቀስ እያልኩ አስገባሁ። እንጨት ሲነካ ጠንከር ይላል። ትሉን ሲያገኝ ግን ለስለስ ብሎ ይሰጣል፤ እጅ ያውቀዋል። እስከዚያ ግንዱ ላይ ቀዳዳው አራት ደርሶ ነበር፤ ከእነሱ ሁለት ትል አወጣሁ። አንዱ የሌባ ጣቴን ያህል ነበር፤ ነጭ፣ ራሱ ብቻ ቡናማ። ለዶሮዎቹ ሰጠሁት።

ከዚያ አራቱንም በጭቃ መረግኩ። ጭቃው መድኃኒት አይደለም፤ ምልክት ነው። ውስጥ ያለው ከሞተ ጭቃው ደርቆ እንደተመረገ ይቀራል። ካልሞተ ሰጋቱራውን ሲጥል ገፍቶ ያወጣዋል። እኔም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ አያለሁ። ሦስቱ አልተነኩም። ከታች ያለው፣ ወደ ሥሩ የቀረበው፣ ትናንት ጭቃውን ገፍቶ ጥሎታል። ረዘም ያለ ሽቦ እየፈለግኩ ነው።