የቀይ አፈሩ ቀይ በኩባያ ላይ

ሐረር ውስጥ ኩባያ ላይ ፎቶ ማተም ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ቀለምን እንደ ራሱ ማውጣት ነው። በጁገል ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ስድስት ኩባያ ሲያዙኝ የቤታቸውን ፎቶ ሰጡኝ፤ በቀይ አፈር የተቀባው መደብና ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶች ይታዩበታል። የታተመውን ኩባያ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ የቤታችን ቀይ ግን ይህ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ደምቆ የታየኝ ቀይ ኩባያው ላይ ወደ ብርቱካንማ አድልቷል።

ስሕተቱን በመጀመሪያ የፈለግሁት ፎቶው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ታትሞ ኋላ በሙቀት ወደ ኩባያው የሚተላለፈው የሰብሊሜሽን ቀለም ግን ወረቀት ላይ ሳለ ደብዛዛ ነው፤ እውነተኛ መልኩ የሚወጣው በሙቀት ወደ ጋዝ ተለውጦ የኩባያውን ፕላስቲክ መሰል (ፖሊመር) ሽፋን ሰርጎ ሲገባ ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀቱን አይቶ መፍረድ ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ አሁን ከሁሉ አስቀድሜ የማረጋግጠው ሙቀቱን ነው። ወረቀቱን ከኩባያው ጋር በሚያግለው ማሽኔ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 180 ሰከንድ ይስማማኛል፤ ከዚያ ሲያንስ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሲበዛ ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል። ጥቁሩ ቡናማ ከሆነ ፎቶውን ሳልነካ ሰዓቱን እቀንሳለሁ። ጠዋት ላይ ደግሞ ማሽኑ በቅጡ ሳይግል ቀዝቃዛ ኩባያ ከገባበት ሙቀቱን ስለሚስብ፣ የመጀመሪያውን ዙር የተበላሸ ኩባያ አስገብቼ አሳልፈዋለሁ።

የቀዩ ዋና ችግር ግን የቀለም ፕሮፋይሉ ነበር። ፕሮፋይል ለአንድ ፕሪንተር፣ ለአንድ ቀለምና ለአንድ ወረቀት ተጣምሮ የሚዘጋጅ ማስተካከያ ሲሆን፣ በፎቶ ፕሮግራሙ ወይም በፕሪንተሩ ከሁለት በአንዱ ብቻ መሥራት አለበት። እኔ ሁለቱንም ከፍቼ ስለነበር ቀለሙ ሁለት ጊዜ ይታረም ነበር። የፕሪንተሩን ስዘጋው ቀዩ ወዲያው ወደ ራሱ ተጠጋ።

ለቀሪው ልዩነት፣ ከሥራቸው የአርጂቢ ቁጥራቸው (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠናቸው) የተጻፈ ትናንሽ የቀለም አራት ማዕዘኖችን አንድ ኩባያ ላይ አትሜ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥሁ። በአምፖል ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ብርሃን ሊለያዩ ስለሚችሉ ማመሳከር ያለብን በቀን ብርሃን ነው። ከሌላ የምርት ዙር የመጣ ኩባያ ሽፋኑ ሊለይ ስለሚችል፣ አዲስ ካርቶን በከፈትሁ ቁጥር ይህን ኩባያ እንደገና አትማለሁ።

እናትየዋ መደቡን ለሠርጉ ካስቀቡበት አፈር ጥቂት በወረቀት ጠቅልለው ላኩልኝ። በውኃ ለውሼ ነጭ ወረቀት ላይ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ከአራት ማዕዘኖቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት፤ በሦስተኛው ረድፍ ካለው ጋር ገጠመ። የመደቡን ቀይ በዚያ ቁጥር አስተካክዬ ስድስቱንም ኩባያዎች እንደገና አተምሁላቸው።