የሌሊት ሺፍትና የሙታን ወቅት

እኛ አደይ አበባ ስንል፣ እዚህ ሜሪላንድ ሰው በረንዳው ላይ የፕላስቲክ አጽም ይሰቅላል። ከሴፕቴምበር እስከ ሃሎዊን፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር 31፣ ወቅቱ የሙታን ነው። መጽሐፍ ወዳዶቹም በዚሁ ሰሞን አስፈሪ አጫጭር ልቦለዶች እያነበቡ ይወያያሉ። ዘንድሮ የሰፈሬ ላይብረሪ ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁና ተመዘገብኩ። በሳምንት አንድ ታሪክ ማንበብ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ረጅም መጽሐፍ ቢሆን አልሞክረውም ነበር። የምሠራው ፓርኪንግ ነው፣ ሌሊት። የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ ቡዟ ውስጥ ያለችው ሂተር እግር ትለበልባለች፣ ጀርባ ግን ይበርዳል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1846 ባወጣው ጽሑፍ፣ ድርሰት በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ካልሆነ ኃይሉን ያጣል ብሏል። ልክ ነው፤ ግን ፖ ፓርኪንግ ሠርቶ አያውቅም። ልቤ ሊቆም ሲል አንዱ ቲኬት ጠፋብኝ ብሎ መስታወቱን ያንኳኳል።

አብረውኝ የሚሠሩ ጋሼ አሉ። ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ፣ «ሌሊት ብቻህን ቁጭ ብለህ የሬሳ ወሬ? ሥላሴ ይጠብቁህ!» ብለው አማተቡ። ቆይተው ግን ራሳቸው «የዛሬውስ?» ማለት ጀመሩ።

አንዱ የፖ ታሪክ ላይ ገዳዩ ከወለሉ ሥር የደበቀው ሰው ልብ ሲመታ ይሰማዋል። እኔ ፈርቻለሁ። ጋሼ ግን ምንም አልመሰላቸውም። «ታዲያ ደም አይጮህም? የአቤል መች ዝም አለ?» አሉ።

ያስደነገጣቸው ሌላው የፖ ታሪክ ነው። ሰውየው ወዳጁን ወይን ላስቀምስህ ብሎ ምድር ቤት ያወርደውና ከነሕይወቱ ግድግዳ ውስጥ ይደፍነዋል። ታሪኩን የሚያወራው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ።

«50 ዓመት ሙሉ የት ገባ ያለ የለም?»

«የለም።»

«ዘመድ የለውም? እድርም የለውም?»

ፖ ራሱስ? በ1849 ኦክቶበር መግቢያ ላይ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ከተማ ራሱን ስቶ ተገኘ፣ ከአራት ቀን በኋላ ሆስፒታል ሞተ። ምን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቀብሩ ላይ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሐውልት የቆመለትም በ1875 ነው። ዛሬ የከተማዋ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ሬቨንስ (ቁራዎቹ)፣ ስሙን ያገኘው ስለ ቁራ ከጻፈው ግጥሙ ነው። ከሞቱ በኋላ ማክበርማ ማን ብሎን!

ይህንንም ስነግራቸው ጋሼ አፍጥጠው አዩኝ።

«አንተ! የእድሩን ከፍለሃል?»

የእድራችን ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው። እዚያው በስልኬ፣ በገንዘብ መላኪያው በዜል ላክሁ።

የመጨረሻው ውይይት ላይ አሜሪካኖቹ ስለ አተራረኩ ብዙ አሉ፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ነው። ተራዬ ሲደርስ የጋሼን ጥያቄ አነሳሁ። እድር ምንድን ነው አሉ። ወርሃዊ መዋጮውን፣ ቀብሩን፣ ለቅሶ ቤት የሚመጣውን ምግብ፣ ሬሳ ወደ አገር ቤት መላኩን ሁሉ ነገርኳቸው። ልቦለዱ ተረሳ።

ስንወጣ አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ክንዴን ያዙና ሀበሻ ያልሆነ ሰው መግባት ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ገንዘብ ያዡን ልጠይቅልዎ» አልኳቸው።