ቶንሲል ወጥቶ ጆሮ ለምን ያማል?

ቶንሲሌን ካስወጣሁ ገና 3 ሳምንቴ ነው። ጉሮሮ እንደሚያም አውቄ ተዘጋጅቼ ነበር፣ አጥሚቱም እርጎውም አይስክሬሙም ቤት ሞልቷል፣ ስለ ጆሮ ግን ትንፍሽ ያለልኝ ሰው አልነበረም። በ4ኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ምራቄን ስውጥ ግራ ጆሮዬን ከውስጥ በመርፌ እንደመውጋት አደረገኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ ደግሜ ዋጥኩ ደግሞ ወጋኝ፣ ማዛጋትማ አይነሳ።

እናቴ ሰምታ መጣች፣ "ብርድ ገብቶሽ ነው ልጄ" ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችኝና ጤና አዳም በዘይት አሙቄ ጠብ ላርግልሽ አለች። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። ብቻ ሐኪም ሳልጠይቅ አልነካም ብዬ እስኪነጋ ቻልኩት።

ጠዋት ከአንገት በላይ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፣ በመሳሪያው አየና "ጆሮሽ ንፁህ ነው ታምቡሩም ደህና ነው፣ የታመመው ጉሮሮሽ ነው" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 9ኛው የቶንሲሉን አካባቢ ስሜት ይወስዳል፣ የሱው አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ መሀል ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ጉሮሮ ያለው ቁስል ሲነካ አእምሯችን ህመሙ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተውና ጆሮ ነው ይለናል። ይሄን ስሰማ ግማሽ ህመሜ የለቀቀኝ ነው የመሰለኝ፣ ፍርሃቱ ነበራ የበለጠ የጎዳኝ። ዘይትም የጆሮ ጠብታም የማይረዳው ለዚህ ነው፣ ጆሮው ላይ የሚታከም ነገር የለም።

የኔ ጥፋት ፓራሲታሞሉን ሲብስብኝ ብቻ መውሰዴ ነበር፣ ደግሞ መዋጥ እየፈራሁ ውሃ አልጠጣም፣ ጉሮሮ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። ከዛ በኋላ አላርም ሞልቼ ሌሊትም ሳይቀር በየ6 ሰዓቱ ባዘዘልኝ መጠን ወሰድኩ፣ ምግብ ከመብላቴ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ስውጠው አጥሚቱም በደንብ ይወርድልኝ ጀመር። በ9ኛው ቀን ጆሮዬ ለቀቀኝ።

ቁስሉ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር መግል መስሎ እንዳያስደነግጣችሁ፣ ቅርፊቱ ነው። እሱ ሲላቀቅ ግን፣ ብዙ ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ደም ሊመጣ ይችላል፣ ቀይ ደም ከተፋችሁ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ከጆሮ ፈሳሽ ከወጣ ወይ ትኩሳቱ አልወርድ ካለም ታዩ።

እህቴ የ6 ዓመት ልጇን ቶንሲል በሚቀጥለው ወር ልታስወጣ ነው፣ ትናንት ደውዬ ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ህፃን እኮ ጉሮሮዬን አይልም፣ ጆሮውን ይዞ እያለቀሰ አልጠጣም ነው የሚለው። መጀመሪያ የማስታገሻው ሰዓት አልፎ እንደሆነ እዪ፣ አስፕሪን ደሙን ስለሚያቀጥነው እንዳትሰጪው፣ ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ ያለበት መድኃኒትም ቶንሲሉን ላስወጣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም አልኳት። አላርሙን እኔ መጥቼ እሞላልሻለሁ ብያታለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እነሱ ጋ ነው የማድረው።