ሳይፈስ የቀረው አንድ በርሜል ውኃ

ከዓመታት በፊት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሕንጻ ጥገና ኃላፊ ነበርኩ። ግንቦት በተጋመሰ ቁጥር ከክረምቱ በፊት ማለቅ ያለባቸውን ሥራዎች መዝግቤ አከፋፍል ነበር፤ የላላ የቆርቆሮ ምስማር ይጠብቃል፣ ወደ ጣሪያው የተንጠለጠለ የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ አሸንዳ ይጠረጋል፣ ከግቢው ቦይ አሸዋ ይወጣል። በዚያ ዓመት ሁሉም በሦስት ቀን ተጠናቀቀ። መሰላል ላይ ወጥቼ አሸንዳው ከዳር እስከ ዳር ጠርቶ ስላየሁት ቅጹ ላይ «ተጠናቋል» ብዬ ፈረምኩ።

የግቢው ጥበቃ የነበሩት አዛውንት ከመሰላሉ ሥር ቆመው ይመለከቱኝ ነበር። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለበት ሌሊት፣ ቤታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። «አቦ፣ ውኃ አፍስሰህ አይተሃል?» አሉኝ። አላፈሰስኩም ነበር። በዚያ ሳምንት የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ ሠራተኛው በጀሪካን ከቤቱ እያመጣ ይጠጣ ስለነበር፣ በግቢው የቀረውን አንድ በርሜል ውኃ ጣሪያ ላይ መድፋት ነውር መስሎ ታየኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የድሬ ዝናብ አይበዛም እየተባለ ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ ሲመጣ ግን የሰዓቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያወርደዋል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውኃ ነው። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ወደ አንዱ አሸንዳ የሚያፈሰው ወገን 120 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል እንኳ በዚያ በአንድ ቱቦ መውረድ ያለበት 3,000 ሊትር፣ ማለትም 150 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ቱቦው ግን ተደፍኖ ነበር። መውጫ ያጣው ውኃ አሸንዳውን ሞልቶ በውስጠኛው ጠርዝ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ኮርኒሱም ውኃ ጠጥቶ በሌሊት መደርደሪያዎቹ ላይ ወደቀ።

ጠዋት በሩን ስንከፍት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የረጠቡትን ፋይሎች አንድ በአንድ እያነሳች ደረቷ ላይ ታቅፍ ጀመር። «ይህ እኮ የሰው ዕድሜ ነው» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ለአንድ ሳምንት ያህል ረፋዱን ፀሐይ ላይ እያሰጣን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይቀድመን ስንሰበስብ ሰነበትን። በብዕር የተጻፉ የቆዩ የቅጥር ደብዳቤዎች ግን ቀለማቸው ፈሶ የሚነበቡ አልሆኑም። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በየጠዋቱ ወደ ቢሮዬ ብቅ ብለው «ልጄ፣ የኔ ወረቀት ተገኘ?» ይሉኝ ነበር። የአገልግሎት ዘመናቸውን ከቆዩ የደመወዝ መክፈያ ሰነዶች ለቅሞ ለማረጋገጥ አራት ወር ፈጀ። እኚህ እናት ለእነዚያ አራት ወራት የተጨነቁት በእኔ ፊርማ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ቱቦውን ከታችኛው ኤልቦ (መታጠፊያው) ላይ ስንፈታው የኒም ቅጠልና ፍሬ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቆ አገኘነው። ወደዚያ የከተትነው እኛው ነበርን። ሠራተኛው ከአሸንዳው ጫፍ ጀምሮ በመጥረጊያ እየገፋ ቆሻሻውን በሙሉ ወደ ቱቦው አፍ አመጣው፤ ከላይ የቀረ ነገር ስላልነበር ለዓይን ንጹሕ ሆነ። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚጠርግ አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ የቱቦው አፍ አስቀድሞ በጨርቅ ይደፈናል፤ ጥራጊው በእጅ ተለቅሞ በማዳበሪያ ከረጢት ይወርዳል፤ ጨርቁ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አስገብተናል፤ እርሱም ቢሆን ቅጠል ስለሚያለብሰው ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ መታየት አለበት።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦትም ውኃ እንደልብ አልነበረም። አንድ በርሜል ከገንዘብ ያዥ አስፈቅጄ በቦቴ ካመጣ ሻጭ ገዛሁና አዛውንቱን ከቱቦዎቹ ሥር እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። እኔ ከላይ በባልዲ ሳፈስ እርሳቸው ከታች ባዶ ባልዲ ይዘው ይቀበሉ ነበር፤ የወረደውም ውኃ ለግቢው ችግኞች ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቱቦዎች ውኃው ወዲያው ወረደ። በሦስተኛው ግን እስኪወርድ ጠበቅን፤ ቆይቶም እየተንጠባጠበ መጣ። «ፍታው» አሉኝ። ፈታነው።