የሳሚ ሥዕል ግድግዳዬ ላይ እንዴት ወጣ

የምኖረው በኖርዌይ ሰሜን፣ ትሮምሶ ነው። በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ ነባር አገር ማለት ነው። የታወቁ የሳሚ ሠዓሊዎች ኦሪጅናል ሥዕል ለእንደኔ ዓይነቱ ደሞዝተኛ ዋጋው አይቀመስም። በቁጥር ተወስነው የሚታተሙት ቅጂዎች ግን ለታገሰ ሰው ይደረስባቸዋል።

ሱቅ ከመግባቴ በፊት ዓይኔን አስለመድኩ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የብሪታ ማራካት-ላባ «ሂስቶርያ» አለ። ወደ 24 ሜትር የሚረዝም ጥልፍ ነው። የሳሚን ታሪክ በክር ይተርካል። ከእሱ ተነስቼ ሌሎች ሥራዎቿን ፈለግሁ። በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሠራችው አንድ ጥልፍ ላይ ቁራዎች እየበረሩ ይመጡና መሬት ሲደርሱ ፖሊስ ይሆናሉ። ነገሩ እውነተኛ ታሪክ አለው። እዚሁ ሰሜን ኖርዌይ ባለው በአልታ ወንዝ ላይ ግድብ እንዳይሠራ የተቃወሙ ሰዎችን በዚያ ዓመት ፖሊስ እየጎተተ አንስቷቸዋል። የመጀመሪያው ዕቅድ ማዜ የምትባለውን የሳሚ መንደር በውሃ የሚያስውጥ ነበር። ብሪታን ጨምሮ ወጣት የሳሚ ሠዓሊዎች በ1978 ቡድን የመሠረቱትም እዚያችው ማዜ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አጋዘንና በረዶ ያለበትን ሥዕል ሁሉ እንደ ጌጥ ማየት አቆምኩ።

ከዚያ ወደ ገበያው ወጣሁ። ሻጭ ሁሉ የሚነግርህ ቁጥሩን ነው። «300 ቅጂ ብቻ!» እኔ ደግሞ የምጠይቀው ማን እንዳተመው ነው። ጆን ሳቪዮን ውሰዱ። ከ1902 እስከ 1938 የኖረ ሳሚ ነው። እንጨት ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። እንዲህ ባለው ሥራ ከሕትመቱ ሌላ ኦሪጅናል የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀቱ ራሱ ሥራው ነው። የቀለም ቅብ ሥዕልን ስካን አድርጎ በፕሪንተር ማውጣት ሌላ ነገር ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ በግልጽ ተነግሮኝ ዋጋውም ልክ ከሆነ እገዛለሁ። አንድ ጋለሪ ግን በእጅ የታተመ ነው ብሎኝ በማጉያ መነጽር ሳየው የፕሪንተር ነጠብጣብ ሆኖ ተገኘ። አመስግኜ ወጣሁ። የሞተ ሠዓሊ ሥራ ከሆነ ደግሞ በሕይወት እያለ የታተመ መሆኑን እጠይቃለሁ።

ከሕትመቱ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈውንም አያለሁ። 12/60 ማለት ከ60 ቅጂ 12ኛው ነው። 1ኛው ከ60ኛው ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል ለእኔ ትርጉም የለውም። ሌላው፣ ኖርዌይ ውስጥ ከተወሰነ ዋጋ በላይ በሚሸጥ ሥዕል ላይ 5 በመቶ ይታከላል፤ ገንዘቡ ለሠዓሊዎች መርጃ ነው የሚውለው። የተለጠፈው ዋጋ ይህን ማካተቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያዋን ሥዕል ያገኘሁት ግን ገዝቼ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች የሥዕል ማኅበር አለው፤ እዚህ አገር የተለመደ ነው። በየወሩ ከደሞዝ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል፣ ማኅበሩ ሥዕል ይገዛል፣ ዕጣ ይወጣል። እቁብ በሉት፤ ልዩነቱ ጭራሽ ላይደርሳችሁ ይችላል። ለእኔ የአንዲት ሳሚ ሠዓሊ ሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል፣ ደረሰኝ። ሁለተኛዋን በገንዘቤ ገዛሁ።

ፍሬሙ ነው ያስደነገጠኝ፤ ከሥዕሉ ዋጋ ጋር ተፎካከረ። ግን አይቆጠብበትም። ከጀርባ የሚገባው ካርቶን አሲድ የሌለው መሆን አለበት። ወረቀቱ በሙጫ አይለጠፍም፣ መስታወቱንም አይነካም። ብርሃን ደግሞ ቀለም ያደበዝዛል። ትሮምሶ በበጋ ሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትጠልቅም፤ እኩለ ሌሊት ላይ በሰሜን መስኮት ትገባለች። ሰሜን ግድግዳ፣ ደቡብ ግድግዳ ብሎ መምረጥ አያዋጣም። መስኮት የሌለው ኮሪደር ላይ ሰቀልኳቸው።

አሁን ዓይኔን የጣልኩት አንደርሽ ሱና ላይ ነው። በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ የኖርዲክ አገሮች ማሳያ ቤት «የሳሚ» ተብሎ ሲሰየም ሥራቸውን ካቀረቡት ሦስት ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ቤተሰቡ አጋዘን የማርባት መብቱን አስመልክቶ ከስዊድን ባለሥልጣናት ጋር ለአሥርት ዓመታት ያደረገውን ሙግት ነው የሚሥለው። ባለቤቴ ይህን ያህል ቁጣ ቤቴ አይገባም ብላለች። ድርድር ላይ ነን።