የሠርጉን ዕዳ ገና ያልጨረሰው የሰባቱ ተራሮች ጌታ

ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራቸው ሄደው በመስከረም መጀመሪያ ወደ አዳማ የተመለሱት ህንዳዊ ጎረቤታችን የግቢውን በር ከፍተው ሲገቡ፣ ራሳቸው እንደ ቅል ተላጭቶ ነበር። ቡና ትቆላ የነበረችው እናቴ ምጣዱን አውርዳ ተነሣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ማን ሞተብዎት?» አለቻቸው። እኛ ዘንድ እንዲያ ተላጭቶ የሚመጣ ሰው ሐዘንተኛ ነው። በከተማችን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩትና አማርኛ አሳምረው የሚሰሙት መምህር ጥያቄው ሲገባቸው ሣቁ፤ «ማንም አልሞተም እናቴ፤ ስለት ነበረብኝ፣ ከፍዬ መጣሁ» አሉ።

«ስለት» የሚለውን ቃል ስትሰማ እናቴ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም። በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን በአዳማ ሲያልፍ እያየች የኖረች፣ እኔን ስትወልድም ጃንጥላ ተስላ ያስገባች ሴት ናት። እኔ ግን በአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ይመስለኛል፣ «ከፍዬ መጣሁ» የሚለው አነጋገር ከረመብኝ፤ ለማን ምን እንደ ተከፈለ ለማወቅ መምህሩን በየቡናው ሰዓት መጠየቅ ጀመርኩ።

ስለታቸውን ያደረሱት በደቡብ ህንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ በሚገኘው የቲሩማላ ተራራ ላይ ነው። ተራራው ሰባት ጉብታዎች ሲኖሩት፣ አማኞቹ እነዚህን ቪሽኑ የተባለው አምላካቸው የሚጋደምበት የታላቁ እባብ የሼሻ ሰባት ራሶች ናቸው ይላሉ። በመኪና መውጣት ቢቻልም፣ ብዙ ተሳላሚዎች በተራራው ግርጌ ካለችው ከአሊፒሪ ተነሥተው ወደ 3,550 የሚጠጉትን ደረጃዎች በባዶ እግራቸው ይወጣሉ፤ አንዳንድ ሴቶችም በእያንዳንዱ ደረጃ እያጎነበሱ እርድና ቀይ ዱቄት ይቀባሉ። በላይ የሚጠብቃቸው አምላክ ቬንካቴሽዋራ ይባላል፤ ሽሪኒቫሳ ወይም ባላጂ ብለው የሚጠሩትም አሉ። የቪሽኑ መገለጫ ነው።

ወደ ምድር የመጣበት ምክንያት ግን የትዳር ኩርፊያ ነው። ብሪጉ የሚባል ጠቢብ ከሦስቱ ታላላቅ አማልክት የትኛው እንደሚበልጥ ለመፈተን ሲዞር ከቪሽኑ ዘንድ ደረሰና ተኝቶ ቢያገኘው ደረቱን በእግሩ ረገጠው። ቪሽኑ በመቆጣት ፈንታ «እግርህን አመመህ?» እያለ ያሸው ጀመር። ለጠቢቡ ይህ ትሕትና ነበር። የቪሽኑ ሚስት ላክሽሚ ግን መኖሪያዋ የባሏ ደረት ነውና የተረገጠችው እርሷ ነበረች፤ ተቀይማ ዛሬ ማሃራሽትራ ውስጥ ወዳለችው ወደ ኮላፑር ሄደች። በእኔ አስተያየት ቅያሜዋ ተገቢ ነው፤ ባል በሚስቱ መዋረድ ትሑት ተብሎ ሲመሰገን ዝም የምትል ሴት እኛም ሰፈር አትገኝም።

ቪሽኑ እርሷን ፍለጋ ወርዶ በቲሩማላ ኩይሳ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከንጉሡ መንጋ አንዲት ላም በየቀኑ እየመጣች ወተቷን በኩይሳው ላይ ታፈስስለት ጀመር፤ ማታ ጡቷ ደርቆ እየገባች ያስቸገረችው እረኛ አንድ ቀን ተከትሏት ሁኔታውን ቢያይ በንዴት መጥረቢያውን ሰነዘረ። ላሟን ለማዳን ብቅ ያለው አምላክ ራሱ ላይ ተመታ፤ በተመታበት ቦታም ፀጉሩ ሳይበቅል ቀረ። ይህን ያየች ኒላ የተባለች ልዕልት ከራሷ ፀጉር ቆርጣ ጠባሳውን ሸፈነችለት። እርሱም ውለታዋን ለመመለስ፣ አማኞች በዚህ ተራራ የሚሰጡት ፀጉር ሁሉ የእርሷ እንዲሆን ቃል ገባላት፤ ከሰባቱ ጉብታዎች አንዱም በስሟ ኒላድሪ ተባለ። የመምህሩ ራስ የተላጨውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ይላጫል፤ የሚሰበሰበውን ፀጉር ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል፤ ከዚያ ዊግ ይሠራበታል።

ዋናው ዕዳ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሽሪኒቫሳ አንድ ቀን ለአደን ወጥቶ ዝሆን ሲያሳድድ ፓድማቫቲን አገኛት። ፓድማቫቲ፣ ንጉሥ አካሻ ራጃ መሬት ሲያርስ በሎተስ አበባ ውስጥ ያገኛትና እንደ ልጁ ያሳደጋት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ደንገጡሮቿ በድንጋይ አባረሩት። እርሱ ግን እጅ አይታ ዕድል የምትናገር ሴት መስሎ ቤተ መንግሥት ገባ፤ እንደ እናት የምታየው ቫኩላ የምትባል ሴትም በሽማግሌ ወግ ልጅቱን እንድትጠይቅለት ላከ። ልጅቱ ተፈቀደች፤ ሙሽራው ግን መኖሪያው ኩይሳ ነበረ እንጂ ለንጉሥ ልጅ ሠርግ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሌሎቹ ሁለቱ ታላላቅ አማልክት ብራህማና ሺቫ እማኝ ሆነው ከሀብት አምላክ ከኩቤራ ተበደረ። ዋናው ገንዘብ የአሁኑ ዘመን ሲያበቃ ሊመለስ፣ እስከዚያው ወለዱ ሊከፈል ውል ተገባ። አማኞች ሁንዲ ወደሚባለው፣ በጨርቅ ወደ ተሸፈነው ትልቅ ማጠራቀሚያ የሚጥሉት ገንዘብና ወርቅ ለዚህ ወለድ ይውላል ብለው ያምናሉ፤ በቴሉጉ ቋንቋም አምላኩን ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ «ቫዲ ካሱላ ቫዱ» ሲሆን፣ የወለድ ሳንቲሞች ጌታ እንደ ማለት ነው።

የእኔን ልብ የወሰደው ግን ወንድምየው ነው። በቲሩፓቲ ከተማ ጎቪንዳራጃ የሚባል ሌላ ቤተ መቅደስ አለ፤ ምስሉ ተጋድሞ የተኛ ነው። የአካባቢው ሰዎች ሲተርኩ፣ ጎቪንዳራጃ የሙሽራው ታላቅ ወንድም ነበረ፤ የሠርጉን ገንዘብ የመስፈር ኃላፊነት ተሰጥቶት ሲሰፍር ሲሰፍር ደክሞት፣ መስፈሪያውን ተንተርሶ እንቅልፍ ወሰደው ይላሉ። በሰኔ 30 የዓመት ሒሳብ የዘጋ ሰው ሁሉ ይህን አምላክ ያውቀዋል። መምህሩ ምስሉን በስልካቸው ሲያሳዩኝ ከራስጌው ያለው ዕቃ ቁና መሰለኝ።

ሌሎቹ ዕዳዎች አነስ ያሉ ናቸው። ተራራው አስቀድሞ የቫራሃ፣ ማለትም የቪሽኑ የከርከሮ መገለጫ ስለ ነበረ፣ ሽሪኒቫሳ መሬት ሲለምነው የሚከፍለው ባይኖረው፣ ተሳላሚ ሁሉ ቫራሃን አስቀድሞ እንዲሳለም ተስማሙ፤ እስከ ዛሬም ከቤተ መቅደሱ ኩሬ ዳር ወዳለው የቫራሃ መቅደስ ቀድሞ መግባት ደንብ ነው። የአምላኩ ምስል አገጭ ላይ ደግሞ ነጭ ካምፎር ይቀባል። አናንታልዋር የተባለ አገልጋይ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ለአበባ ማጠጫ ኩሬ ሲቆፍር፣ አፈር ልሸከምላችሁ ብሎ የመጣን ልጅ ተቆጥቶ በዲጅኖ አገጩን መታው፤ ልጁ ሸሸ፤ በኋላ መቅደስ ሲገባ የሚደማው የምስሉ አገጭ ሆኖ አገኘው። ዲጅኖው በዋናው በር አጠገብ ተሰቅሎ ይታያል።

እኔ የሠርጌን ብድር ከፍዬ የጨረስኩት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ተረት ብቻ ልሰማው አልቻልኩም። በእኛ ስለት ባለዕዳው ተሳዩ ሰው ነው። በቲሩማላ ግን የሚለመነው ራሱ ባለዕዳ ነው፤ ለማኙ ደግሞ የራሱን ስለት እየከፈለ የአምላኩንም ወለድ ያግዛል፤ መምህሩ ስለ አምላካቸው ሲያወሩ በድምፃቸው ውስጥ የምሰማው ቅርበት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ችግር ላይ የወደቀ ዘመድ የሚነሣበት ዓይነት ድምፅ ነው።

የብድሩን ዘመን ስጠይቃቸው የአሁኑ ዘመን፣ ካሊ ዩጋ፣ 432,000 ዓመት እንደሚቆይና እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ዓመት እንደ ጀመረ ነገሩኝ። በስልኬ አሰላሁት፤ የሚቀረው ከ426,000 ዓመት ይበልጣል። «መያዣ አልጠየቀም?» አልኳቸው። «አልጠየቀም፤ ግን እማኞቹ አይሞቱም» አሉኝ።

ከተራራው ያመጡልን ላዱ፣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከቅቤ፣ ከካሹ፣ ከዘቢብና ከሄል የሚሠራ ጡጫ የሚያህል ክብ ጣፋጭ፣ ቅባቱ ወረቀቱን አርሶ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ለቅቤው ምክንያት ነበረን። ሐሙስ ጠዋት ግን እናቴ «ለአምላካቸው የቀረበ ነው፣ እንዳትነካው» አለችኝ፤ ይሁን እንጂ እንግዳ ያመጣው ነውና አልጣለችውም፤ በንጹሕ ሰሐን ከድና ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ሰሐኑ ባዶ ነበር። እኔ አልነካሁትም፤ እርሷንም አልጠየቅኋትም።