መስኮት ጋ

ዛሬ ከባህር ዳር ወደ ሸገር በአውሮፕላን ስመለስ መስኮት ጋ ደረሰኝ። ልንነሳ ስንል ከጎኔ ያሉት አባት አማተቡ።

«ፈሩ እንዴ አባቴ?»

«እርግቧን ነው ልጄ።»

ገባኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ የተነሳ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ እርግብ ዋጡ። ሊመለስ ሲል ወደቀና ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ አልተረፉም።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ፦ «ታዲያ በዙሪያው ያለውን ረግረግ ማድረቅ ነዋ!»

ኧረ ባክህ! ያቺ እርግብ የጨፌ ወፍ አይደለችም። የምትውለው እርሻ ላይ፣ የምታድረው ገደልና ጣሪያ ላይ ነው። ቆሻሻ መጣያን ከሜዳው አርቀህ፣ ሣሩን በልክ ይዘህ፣ ወፍ የሚያባርር ሰው ብታቆም ይሻላል። ጨፌውን ብታደርቅ የምትጎዳው ሌላ ናት። ጠዋት ጣና ዳር፣ ከደንገሉ ጥግ ጥቁር ዘውዳማ ክሬን የሚባሉ ሁለት ወፎች አይቻለሁ። አናታቸው ላይ ያለው ወርቃማ ጭራሮ ፀሐይ ሲነካው! በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት ወፎች አንዷ እኮ ናት።

ጎማው መሬት ሲለቅ አባት «ተመስገን» አሉ። እኔ ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ክሬኖቹን ፈለግኩ። አልታዩኝም። አረንጓዴ ብቻ፣ ከዚያ ውሃ።